በእንሰት ጥላ የተሞከረች ጠመንጃ

ወሩ ሐምሌ ነበር። በቆሎው እሸት ይዟል፤ ከአባያ ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ቆላውን ከረፋድ ጀምሮ ይገርፈዋል። እናንተ አሁን ለሰብል አጥፊ አውሬ ትንሿ ጠመንጃ ትሻላለች ወይስ ትልቁ እያላችሁ ስትከራከሩ ያ ሐምሌ ነው የመጣብኝ። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም።

ሦስት ነበርን። ጅግሶ የወናጎ ገበሬ ነው። ቡናውና እንሰቱ እዚያው ቤቱ ዙሪያ ነው፤ በቆሎውን የሚዘራው ግን ከዲላ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቆላ ነበር። እንደሱ ዛፍ የሚወጣ ሰው በዚያ አገር አላየሁም። ቀፎውን በጥርሱ በያዘው ገመድ እየጎተተ፣ እኛ ቀና ብለን ስናይ የሚያዞረን ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ቀፎ የሚያሰቅለው እሱን ነበር። ነስሩ የዲላ ባለሱቅ ነው፤ ትንሿ ጠመንጃ የእሱ ናት። አደን ይወዳል፣ ምግብ ግን ይበልጥ ይወዳል። ጅግሶ ቤት ገብተን ስለ ዝንጀሮዎቹ ገና ወሬ ስንጀምር «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ብሎ ቆጮው እስኪቀርብ አላስወራንም።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዝንጀሮዎቹ የጅግሶን በቆሎ ግማሹን ጨርሰውታል። የቀረው ካለቀ ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው ምርት የሚበላው ሊያጣ ነው። ቀበሌው መንጋውን የሚመራውን ገመሬ እንድንገድል ፈቀደልን፤ እሱ ከወደቀ ሌሎቹ ለከርሞ አይደፍሩም ተብሎ ነው።

እኔ የያዝኩት ምንሽር ነበር። እንደሱ ያለ ከባድ ጥይት ነፋስ ብዙም አይገፋውም፤ የያዝኩትም ለዚያ ነው። ጅግሶ ግን ምንሽሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከማሳው ማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር፣ ጎጆዎች አሉ። በየማሳው መሃል ማማ ላይ ሆነው ሰብል የሚጠብቁ ሰዎችም አሉ። የምንሽር ጥይት ዝንጀሮውን በስቶ ሄዶ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?

«ከማዶ ያሉት የእህቴ ልጆች ናቸው» አለኝ። «ለዝንጀሮ የተተኮሰ ጥይት ሰው ቤት ከሚገባ በቆሎው ይቅርብኝ።»

ምንሽሩን አስቀምጬ የነስሩን ትንሿን ጠመንጃ አነሳሁ። ዛሬም ትንሿን ጠመንጃ መምረጣችን ልክ ነበር እላለሁ። የሳትነው ሌላ ነገር ነው።

ጠመንጃዋን እዚያው ጅግሶ ጓሮ ሞከርናት። የቅባት ቆርቆሮ ክዳን አጥሩ ላይ ሰቅለን፣ እኔ ከጓሮ በሩ ላይ በደረቴ ተኝቼ ተኮስኩ። መሃሉን! ደገምኩ፤ መሃሉን። ነስሩ ክዳኑን አንስቶ በቀዳዳው እያየን ሳቀ፤ ጥይቷን መርፌ ናት አላት። ወናጎን ታውቁታላችሁ። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከዚያ እንሰት። ከላይ የዛፉ ጫፍ ቢወዛወዝ እንኳ ሥር ላለ ሰው ትንፋሽ አይደርሰውም። የእንሰቱ ቅጠል እንደ በር ሰፊ ሆኖ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሠራች ጠመንጃ ሁሉም ቦታ ትሠራለች ብለን ምንሽሩን ጅግሶ ቤት ትተን ወረድን።

ቆላው ስንደርስ ከጅግሶ የማሳ ጎጆ ጎን ጥቂት የእንሰት እግሮች ነበሩ። ቅጠላቸው ከዳር እስከ ዳር ተተልትሏል። ነፋሱ እዚያ ተጽፎ ቆሞልናል፤ እኛ ግን አይተነው አለፍን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከኩይሳ ኋላ ተጋድመን ጠበቅን። ረፋድ ላይ መንጋው ከሸለቆው ወጣ። ሴቶቹና ግልገሎቹ በቆሎው ውስጥ ገቡ፤ ገመሬው ግን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጎፈሩ ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ ይርገፈገፋል። እኔ ጎፈሩን ሳይሆን ደረቱን ነበር የማየው። ደረቱ ላይ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ። ድምጿ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያህል ነው።

አልወደቀም። ወደ ኋላው ዞሮ ጭኑን ነከሰና ወደ በቆሎው ዘለለ። መንጋው እየጮኸ ወደ ሸለቆው ሲፈስ እሱ አብሯቸው አልሄደም። ነፋሱ ጥይቷን ከደረቱ አንስቶ ጭኑ ላይ እንዳሳረፋት ያኔ ገባኝ።

የቆሰለ አውሬ ትቶ መሄድ ነውር ነው፤ ሰብል ለቀማ የሚገቡ ሴቶችና ሕፃናት አሉ። ስለዚህ ዱካውን ተከተልን። አቧራው ላይ የሰው እጅ የመሰለ ዱካ አለ፤ ከኋላ አንደኛው እግር እየተጎተተ መስመር አስምሯል። አልፎ አልፎ የደም ጠብታ። ጅግሶ ማሳው የእሱ ስለሆነ፣ መስመር መስመሩን ስለሚያውቀው፣ ገጀራውን ይዞ ከፊት ሆነ። እኔ ከኋላው፣ ነስሩ ከኔ ኋላ። የበቆሎው ቅጠል በነፋስ ሲንኳኳ ሌላ ድምፅ የሚባል አይሰማም። ዝሆን ቢመጣ አንሰማም ነበር።

ገመሬው የተነሳው ከጅግሶ እግር ሥር ነው። ጅግሶ ፊቱን ለመከለል ቀኝ ክንዱን አነሳ፤ አውሬው ክንዱን ጎረሰ። ገጀራው ወደቀ። ሁለቱ ተጠላልፈው በቆሎውን እየሰበሩ ሲንከባለሉ አፈሙዜን የት ላድርገው? ዝንጀሮውን ብል ጅግሶን ልመታ ነው። ፈራሁ፤ ዙሪያቸውን እየዞርኩ ክፍተት ፈለግኩ። በመጨረሻ አውሬው ጀርባውን ሲሰጠኝ አፈሙዙን ጎድኑ ላይ አስደግፌ ተኮስኩ፤ አጉርሼም ደገምኩ። ያቺ መርፌ እዚያ ቅርብ ሲሆን ምንም አልሳተችም።

ነስሩ ጥምጣሙን ፈትቶ የጅግሶን ክንድ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ያ ቀልደኛ ሰውዬ ጅግሶን በትከሻው ደግፎ እስከ መኪና መንገዱ አወጣው። የጭነት መኪና ለምነን ዲላ ሐኪም ቤት አደረስነው። ጅግሶ መኪናው ላይ ሆኖ ያሳሰበው ክንዱ አልነበረም።

«በቆሎውን እናንተ ሰብስቡልኝ» አለን።

ሰበሰብንለት። ዝንጀሮዎቹም አልተመለሱም። ክንዱ ግን ጅማቱ ተበጥሶ ስለነበር ቁስሉ ሲድን ጣቶቹ መጨበጥ እንቢ አሉ። በቀጣዩ ዓመት ቀፎውን የሰቀለለት ሌላ ሰው ነው። ጅግሶ ከሥር ቆሞ ቀና እያለ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሻል ያሳይ ነበር። ያንን ያየሁ ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እና ጠመንጃ ስትመርጡ ጥይቷ ትንሽ ናት ትልቅ ከማለታችሁ በፊት የምትተኩሱበት ቦታ ሂዱና ተቀመጡ። እዚያው ነፋሱ ውስጥ ሞክሯት። ኢላማዋን ከሳተች ወይ ቀርባችሁ ተኩሱ ወይ ዝም ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ክንድ ነው።

ጅግሶ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። ዲላ ገበያ ስንገናኝ ቀኙ እንደ ተንጠለጠለ ግራውን ይዘረጋልኛል። በኛ አገር ለሰው ግራ እጅ መስጠት ነውር መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንገቱን ዝቅ ያደርግና «ግራ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ይለኛል። ለኔ!