መሰኪያው በእጄ ሳለ

ልጄ ከሆሳዕና ቦኖሻ ሰው የምታመላልስበት መኪና ሃይብሪድ ነው፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ይሄዳል። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው እንደሚገድል ብቻ ነው። ያን ቀን ከገበያ መልስ "ቀይ መብራት በራ፣ ጉልበቱም ጠፋ" ስትለኝ ከመኪናው ይልቅ እጇን አየሁ። መፍቻ ይዛለች።

"ማንም እንዳይነካው! መካኒክ ይጠራ" አልኩ።

የሰፈራችን መካኒክ መጣና ከፊት ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው። "ማዘር፣ ባትሪው አልቋል። አዲስ ይገባለት።"

"ሳትፈትሸው?" አለች ልጄ።

"እሺ ኢንጂነሯ፣ አንቺ ፈትሺዋ! ሲይዝሽ ግን እኔ አላላቅቅሽም።"

"ተይው" አልኳት። እሷ ግን ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሪክ ተምራለች፤ አልሰማችውም። ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። የሚያቀዘቅዘው ፋን ከወንበሩ ጎን ባለች ባለ ቀዳዳ ክዳን በኩል አየር ይስባል። ጣቷን ብታሳልፍባት ቀላ። በርበሬ! የእኛ ነጋዴ ሴቶች በርበሬ ሽታ ይስባል ብለው ከጋዝ ጄሪካን ጋር ከኋላ አይጭኑትም፤ በርበሬ የሞላውን ማዳበሪያ ወንበር ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው ነው የሚሄዱት። ፋኑ ብናኙን ሲምግ ከርሟል።

"ታፍኖ ግሎ ነው እንጂ አልሞተም" አለች።

መኪናውን አጠፋች፤ የትንሹን ባትሪ ገመድ ፈታች። ወፍራም የላስቲክ ጓንት አጠለቀችና ከትልቁ ባትሪ ላይ ብርቱካናማ መሰኪያ ነቅላ እጄ ላይ አኖረችው። "እማ፣ ይሄ አንቺ ጋ እስካለ ማንም መልሶ አይሰካውም። አሁን ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ እንጠብቅ።"

ጠበቅን። "በቃው" ስትል "ጨምሪ" እላታለሁ።

"እማ፣ ሊመሽ ነው እኮ!"

"ይምሽ።"

በመጨረሻ ባለ ቀዳዳዋን ክዳን ፈታ ወደ ፋኑ እጇን ሰደደች። መሰኪያውን በሁለት እጄ ጨምቄ ይዤ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ድንገት መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ጭንቅላቷ ከጣራው ተጋጨ። ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋኛል፤ በሀዲይኛ ጮህኩ።

"አስነጥሶኝ ነው! በርበሬው ነው እማ!"

መካኒኩ ሊያይ ጎንበስ ቢል እሱንም አስነጠሰው። "ይሄ መኪና ሽሮ ብቻ ነው የጎደለው" አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ፋኑን አውጥታ በብሩሽ ጠራርጋ መለሰችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። "አምጪው።"

አልሰጠኋትም። "ያለሱ አይሄድም?"

"አይሄድም።"

ካልሰጠኋት መኪናው ግቢ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ እሷም ሥራ ፈትታ ትቀመጣለች። ከሰጠኋት ያንን ኃይል በገዛ እጄ መመለሴ ነው። ላቤ መሰኪያውን አርጥቦታል፤ በቀሚሴ ደጋግሜ አደረቅሁት።

"ጓንቱን በደንብ አጥልቂ። ቢስሚላህ በይ።"

ሰጠኋት። ቀጭ አድርጋ ሰካችው፤ የፈታችውንም ገመድ አሰረች። መሪው ጋ ገብታ ማስነሻውን ተጫነች። ድምፅ የለም።

"አልተነሳም" አልኩ።

"ተነስቷል። ይሄ ሲነሳ አይጮህም። ቀዩም ጠፍቷል፣ እይው።"

"ታዲያ ምን ይዞሽ ነው የማትሄጂው?"

"እማ፣ እጅጌዬን ልቀቂኝና በሩን ልዝጋ።"