እስከ አሥር ሰዓት ያቆየን የኮሪያ ፊልም

ባለፈው ማክሰኞ፣ በምሠራበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ የመስኮት ማጠፊያ ስቀይር፣ ጠረጴዛው ላይ የተተወ ጋዜጣ ዐየሁ። ግማሹን ገጽ የያዘው ፎቶ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ኮሪያውያን ነበሩበት፤ መካከል የቆመው ሽበታም ሰውዬ ሽልማቱን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። በኮሪያ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ዘንድሮም ሌሎቹን ሁሉ አሸነፈ ይላል ርእሱ። ካቻቢቴዬን አስቀምጬ ርእሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፊልሙን ታሪክ የሚተርከውን አንቀጽ ግን፣ የድሮ ልማዴ ነውና፣ በመዳፌ ሸፈንኩት፤ ጋዜጣውንም አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የፊተኛው የኮሪያ ፊልም ያሸነፈ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ኦስሎ ከተማ ጥግ፣ ሃውገንስቱዋ፣ እትዬ ሙሉ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል ነው። እትዬ ሙሉ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ብቻዬን ኦስሎ የገባሁ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ ዐይታኝ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እዚህ የማንም እንዳልሆንኩ ስነግራት ሻንጣዬን አንስታ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደች። ተከተልኳት። ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር ቢሮዎች ታጸዳለች፤ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ ቀትር ሳይደርስ ትጨርሳለች። ባል የላትም፣ አልወለደችም። ደሴ ሁለት ሰዎች አሏት፦ ሰማንያ ዓመት የሞላት በሽተኛ እናቷ፣ እናም አባታቸው ከሞተ በኋላ እንደ ልጅ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ደረጀ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሁለቱም ትደውላለች።

እኔ ኖርስክ፣ የኖርዌይን ቋንቋ፣ የተማርኩት ከክፍል ይልቅ ከፊልም ግርጌ ጽሑፍ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ፊልም እየተዋስኩ፣ እያቆምኩ፣ ቃሉን እየጻፍኩ። በዚያው ፊልም ራሱ ያዘኝ። አንድ ደብተር ነበረኝ፤ የፊልሙ ስም፣ ቋንቋው፣ ርዝመቱ በደቂቃ፣ ያገኘው ሽልማት ይጻፍበታል። አንድ ደንብም ነበረኝ፦ ያላየሁትን ፊልም ታሪክ አላነብም። ሽልማቱን አነባለሁ እንጂ ታሪኩን በመዳፌ ሸፍኜ አልፋለሁ።

በዚያ ዓመት አንድ የኮሪያ ፊልም ከአገር አገር እየዞረ ሽልማት ለቀመ። ኦስሎ ሳይደርስ ደብተሬ ላይ ስድስት መስመር ሞልቶ ነበር። የራሴ ሰው ያሸነፈ ይመስል ኮራሁ። ከአገራቸው ውጭ ብዙ ሰው የማይናገረው ቋንቋ፣ ከታች እየተነበበ፣ ትልልቆቹን ጥሎ ሄደ፤ ታዲያ አማርኛስ ምን ያንሰዋል? ይህን ለእትዬ ሙሉ ሽሮ እያማሰለች ሳለ ስንት ቀን ነገርኳት።

«ይኼን ሁሉ ከተሸለመማ ደስ የሚል ነገር ይሆናል» ትለኛለች።

«እንሂድና እንየው።»

«በጾም? ፋሲካ ይለፍና።»

ዐቢይ ጾም ገብቷል። መንገዱ ዳር የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ፣ የተበተነው ጠጠር ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ፍስሐ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ሙሉ አጠገብህ አለች?»

«የለችም፤ ገበያ ወጥታለች።»

«ደረጀ ሞቷል። መኪና ተገልብጦበት። ትናንት ተቀበረ።»

 እሳቸው ቀጠሉ። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው ወጉ፤ እዚህ አገር ግን ጎህ ሲቀድ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሰው ቤቷ ይሰበሰባል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። የእኔ ድርሻ ሦስት ነገር ነው፦ ከሥራ ስትወጣ ተቀብዬ እስከ አሥር ሰዓት ከቤት ማራቅ፣ ስልኳን እንዳታይ ማድረግ፣ ሳትበላ እንዳትመጣ ማድረግ። ከሰማች በኋላ እህል በአፏ አይዞርም።

«ስልኩን አደራ» አሉኝ። «ዘንድሮ ፌስቡክ ከሽማግሌ ይቀድማል።»

«እሺ፣ ጋሽ ፍስሐ።»

«ሌላም አለ። ኖርስክህ ጥሩ ነው፤ ለጎረቤት ማስታወቂያ ጻፍ። ያለፈው ጊዜ እነ አልማዝ ቤት ለቅሶው ሲነሳ ሰው ይገደላል ብለው ፖሊስ ጠርተውብናል። ነገ እሷ ከወጣች በኋላ ለጥፈው።»

ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩት። «ውድ ጎረቤቶች፤ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ ካለው ቤት ከፍ ያለ ለቅሶ ይሰማል። ሰው ሞቶብን፣ እንደ አገራችን ልማድ ስለምናለቅስ ነው። በቤቱ የተጎዳ ሰው የለም፤ ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም።» የሕንፃው ደንብ ደግሞ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ከአንድ ቀን በፊት ይገለጽ ይላል። ደንብ ማክበር እወዳለሁ። እትዬ ሙሉ ማስታወቂያ አንብባ አታውቅም፤ «የልብስ ማጠቢያ ተራ ነው» ብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ዓርብ ምሽት ከተኛች በኋላ ወርጄ መግቢያው በር ላይ ለጠፍኩት። አራቱንም ማእዘን በፕላስተር አጣብቄ ቀጥ ማለቱን ራቅ ብዬ አረጋገጥኩ።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ የምትሠራበት ሕንፃ ደጅ ጠበቅኳት። ፊልሙን ዛሬ እንየው አልኳት። ፋሲካን አላነሳችም። «እንሂድ» አለች። ትራም ይዘን ሲኒማ ቤቱ ወዳለበት ግሩነርሎካ ወረድን። መቀመጫችን ሰባተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ ነበር። ስልክ ይዘጋል አልኳትና ተቀብያት ኪሴ ከተትኩት፤ ዝም ብላ ሰጠችኝ። ዙሪያችንን በቅቤ የተጠበሰ ፈንዲሻ ይሸታል፤ እሷ ውኃም አልቀመሰችም።

ፊልሙ በባሕር ዳር መንደር ዓሣ ስለሚያደርቅ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ያስቃል፤ ኖርዌጂያኖቹ ከግርጌ እያነበቡ ሳቁ። ከዚያ አባትየው ሞተ። በደንቤ ምክንያት ይህን አላውቅም ነበር። መጋረጃው በሻካራ ነጭ ልብስ በለበሱ ሰዎች ተሞላ፤ ሴቶቹ መሬት እየመቱ ጮኹ፤ በጎን ደግሞ ለለቀስተኛ ትኩስ ሾርባ ይቀዳል። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንነሳ ብዬ ክንዷን ነካሁት።

«ናይ» አለች በኖርስክ፣ እንቢ ማለቷ ነው። «ተቀመጥ። እንደኛ ያበላሉ።»

«ጽሑፉ ይፈጥናል እንዴ? ልንገርሽ?»

«ለቅሶ ምን አስተርጓሚ ያሻዋል፣ ዮኒ?»

ፊልሙ ሲያልቅ ሰዉ ኮቱን እየለበሰ ወጣ። በኮሪያ ፊደል የተጻፉ ስሞች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። እሷ አልተነሳችም። የመጨረሻው ስም አልፎ መብራት እስኪበራ፣ አጽጂው ልጅ መጥረጊያ ይዞ እስኪገባ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዐየች። የማታነበውን ስም እንዲያ ትኩር ብላ የምታየው ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

እሷ በዐቢይ ጾም ቅዳሜንም እስከ ዘጠኝ ትጾማለች፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾሙ ተፈታ። ጥግ ላይ ካለች ሱቅ ፈላፍል በዳቦ ገዛሁ፤ ወተት እንዳይነካው ሻጩን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ቆመን መብላት ጀመርን። እሷ እየቆረሰች፣ ሳትቸኩል፣ ሥራ እንደምትሠራ ሰው በላች። እኔ አልወረደልኝም።

«ብላ» አለችኝ። ቀጥላ፣ በዚያው ድምፅ፦ «ማስታወቂያህን ጠዋት አነበብኩት።»

የያዝኩትን ዳቦ በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩት።

«ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ ብለሃል። በስተግራ እኔ ብቻ ነኝ። ጽሕፈትህ ያምራል።»

«እትዬ ሙሉ...»

«አንተ አታርዳኝ። ሽማግሌ አለ።» ቁራጯን አላመጠች። «ሕንፃውን ሙሉ ስጠርግ ዋልኩ፤ ማን እንደሆነ ሳላውቅ። ፊልሙ እስኪያልቅ እማዬም ደረጀም፣ ሁለቱም አሉልኝ። አሁንም አሉ።»

ከዚያ ወደ ትራሙ ሐዲድ እያየች ተናገረች። «እማዬ ናት። ሰማንያ ሞልቷታል። ቆርባለች። ስትሠቃይም ከርማለች። እግዜር አልበደለኝም።» ይህን ብላ ዞራ ዐይኔን ፈለገች።

ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ማቀርቀር ነበር ወይስ አዎ ማለት፣ ዛሬም ለራሴ መመስከር አልችልም። እሷ ግን እንደ መልስ ተቀበለችው። ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ የቀረውን ዳቦ እስከ መጨረሻው በልታ ወረቀቱን አጥፋ ጣለች። «በላሁ። እንሂድ» አለች።

ባቡሩ ውስጥ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ደረጀ ብቻውን ቀበራት ማለት ነው። ሆደ ቡቡ ነው እሱ፤ ማን ያጽናናው ይሆን? ማታ እደውልለታለሁ።» ቀጥሎ፣ ከሁለት ጣቢያ በኋላ፣ «ጋቢ እልክለታለሁ» አለች። ሁለቱንም ጊዜ ማስተካከል እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መርዶ የሽማግሌ ነው፣ እሷም አታርዳኝ ብላለች፣ እያልኩ ከደንብ ኋላ ተደበቅኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ ጫማ ተደርድሯል። የእሷንም አውልቃ ከሰዎቹ ጫማ ጋር አስተካክላ አስቀመጠች። ሳሎኑ ሙሉ ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ፍስሐ ተነሥተው እጇን ያዙ።

«ሙሉዬ፣ እግዜር ያጥናሽ። ወንድምሽ ደረጀ ዐርፏል።»

እሳቸውን አላየችም። ዘወር ብላ እኔን ዐየችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ በደቂቃ የማልለካው ነገር ያ ብቻ ነው። ከዚያ ወደቀች፤ ለቅሶውም ተነሣ። ፖሊስ አልመጣም። ማስታወቂያዬ በሚገባ ሠርቷል።

ያን ዓመት ከቤቷ ወጣሁ። አላባረረችኝም፤ ሽሮዬንም እንደ ወትሮው ታስቀምጥልኝ ነበር። ደብተሩን ጣልኩት። ስለዚያ ፊልም ሰዎች ሲያወሩ፣ ዳኞቹ ስለምን እንደሸለሙት ሲከራከሩ፣ አንዲት ሴት ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ሰው በሕይወት ለማቆየት ስትል እንዳየችው የሚያውቅ የለም እያልኩ ዝም እላለሁ። እሑድ እሑድ እንገናኛለን፤ እናቷ ልጇን ተከትላ ካረፈች ቆይታለች። ስለዚያ ቀን እሷም አንስታ አታውቅም፣ እኔም።

ማክሰኞ ማታ ግን ደወለች።

«ኮሪያዎቹ ደግሞ አሸነፉ አሉ። ሥራ ቦታ ስክሪኑ ላይ ዐየሁ።»

«ዐይቻለሁ።»

«ግሩነርሎካ ይታያል?»

«ከዓርብ ጀምሮ። ትሄጃለሽ?»

ወጥ ቤቷ ውስጥ ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። ዘጋችው።

«ታሪኩን አንብበሃል?»

«አላነበብኩም።»

«አንብበው» አለች። «አንብበህ፣ ማን እንደሚሞት እዚሁ ንገረኝ። ከዚያ እንሄዳለን።»

ስልኩን ሳልዘጋ ጋዜጣውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መዳፌን አነሣሁና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።