ኳስ ምልክት የማይተውበት ሜዳ

ትናንት ከሥራ ስመለስ ኦሮራ ከተማ ካለው መናፈሻ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ ሜዳው ላይ አንዲት ልጅ አዲስ የቴኒስ ኳስ ጣሳ ከፈተችና ያ የጎማ ሽታ በአጥሩ ሽቦ አልፎ አፍንጫዬ ገባ። የመጣሁበትን ረሳሁ። እህቴ ሩት ጣሳ በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ ወደ እኔ አፍንጫ ነበር የምታስጠጋው። "አሽትት፣ ፓሪስ እንዲህ ነው የምትሸተው" ትለኝ ነበር። ፓሪስን ሁለታችንም አይተናት አናውቅም።

ሩት ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም። ስለሷ ስጽፍ እጄ ይቆምብኛል፤ ቢሆንም ልሞክር።

ያኔ ኢስት ኮልፋክስ ከሚባለው ጎዳና ጀርባ ባለ አንድ ጠባብ አፓርታማ ነበር የምንኖረው፤ እሷ ሃይስኩል ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ቴኒስን የጀመረችው በትምህርት ቤቷ ቡድን ቢሆንም ልቧ ያለው የፈረንሳይ ሴት ተጫዋቾች ዘንድ ነበር። በአንድ ሰማያዊ ደብተር የሁሉንም ጉዞ ትጽፋለች፤ ማን በስንት ዓመቷ ፕሮፌሽናል እንደሆነች፣ ማን ትልቅ ዋንጫ አንሥታ ገና በወጣትነቷ ራኬቷን እንደሰቀለች፣ ማን ወልዳ እንደተመለሰች። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ግን ዋንጫ አንሥታ የማታውቅ፣ ከአገር አገር እየዞረች ማጣሪያ የምትጫወት አንዲት ልጅ ነበረች። ይቺ ልጅ ውጭ አገር ጀግና ናት፤ ፓሪስ ላይ በአገሯ ሰው ፊት ስትቆም እጇ ይተሳሰራል። "እናቷ እያየቻት እኮ ነው" ትላለች ሩት፣ ዘመዷ የሆነች ይመስል።

የፓሪስ ሜዳ ቀይ የሸክላ ዱቄት እንደሆነም የነገረችኝ እሷ ናት። ኳሷ ያረፈችበት ምልክት ይቀራል፤ ክርክር ሲነሣ ሄዶ ማየት ነው። የእኛ ሜዳ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም አይቀርበትም። ዳኛም የለም። በእያንዳንዷ ተጫዋች በኩል የወደቀችውን ኳስ ውስጥ ወይም ውጪ የምትለው ራሷ ተጫዋቿ ናት፣ በኅሊናዋ።

እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ቃሏ አንድ ነው፤ ሩት ወደ ስቴት ውድድር ካለፈች ትቀጥላለች፣ ካላለፈች ራኬቱን አስቀምጣ የነርስ ረዳት ኮርስ ትገባለች። ቁርጡ በሚለይበት ቀን እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሩት ስትጫወት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

"ስንት ሆነ?" አለችኝ።

"አርባ ለሠላሳ።"

"ከአሥራ አምስት ሠላሳ፣ ከሠላሳ አርባ? አርባ አምስት አይሆንም?"

"አቆጣጠሩ እንደዚያ ነው፣ እማዬ።"

"ጉድ እኮ ነው!" አለችና ሽቦውን ጨብጣ መጸለይ ጀመረች።

ሩት አየቻት። እጇ እንደዚያች ፈረንሳዊት መተሳሰር ጀመረ። እንደምንም ታግላ በመጨረሻው ዙር ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ተጋጣሚዋ ኳሷን አርቃ መታቻት፤ ኳሷ ከሩት ኋላ፣ እኔ ከቆምኩበት ፊት ለፊት ወደቀች። አይቻታለሁ። ነጩን መስመር ነክታለች።

"ውጪ ነው ሩትዬ! ውጪ!" ብዬ ጮኽኩ።

እዚያ ከእኛ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም። እማዬም ተቀበለችኝ፤ "ውጪ ነው ልጄ!" ሩት ዞር ብላ አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ መዳፏን ወደ መሬት ዘርግታ ውስጥ መሆኗን አሳየች። ነጥቡ ሄደ። የቀረውም ሄደ።

በመኪና ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። መብራት ይዞን ስንቆም እማዬ "ወንድምሽ አይቶ ውጪ ነው እያለሽ፣ ለምን ልጄ?" አለች። ሩት ከፊት ወንበር ወደ እኔ ዞረች።

"ሚኪ፣ እውነት ውጪ ነበረች?"

"አዎ።"

"በእግዚአብሔር?"

"በእግዚአብሔር።"

"እንግዲያው የተሳሳተው ዓይኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። ኮርሱን በዚያው በጋ ጀመረች። ሰማያዊው ደብተር ላይ ሌላ ስም አልጻፈችም።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝታ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ "ያቺን ኳስ ውጪ ብያት ቢሆን ዛሬ ፓሪስ ማጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ ጉድ የሠራኝ ዓይኔ ነው" ብላ ሳቀች። አፌን ከፈትኩ። ነርሷ ገባች። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ መናገርም መስማትም አልቻለችም።

አሁን እኔና እማዬ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው ያለነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያጽናኑን ሲመጡ እማዬ የምትነግራቸው የዚያን የጨዋታ ቀን ነው። "ይሄ ልጅ እኮ ያኔ ለእህቱ ጮኾ ተከራክሮላታል" ትላለች። "ጌታ ይባርክህ" ይሉኛል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እውነቱን ብነግራት፣ ስለ ሩትና ስለ እኔ ከቀሯት ታሪኮች የምትወደውን እወስድባታለሁ።

ከሩት ጋር የሄደው ብዙ ነው፣ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንዱን ግን አውቀዋለሁ። "ልክ ነበርሽ፣ በደንብ ነው ያየሽው" ብዬ የምነግረው ሰው የለኝም።