ቲቸር ለምን ፊት ነሱን?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንግሊዝኛ ንባብ የምታስተምረውን መምህርት ተማሪዎቿ በሌለችበት «እማማ ፍንጭ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አውቃ እንዳላወቀች ትሆናለች እንጂ። ስሙ ደግሞ በከንቱ አልወጣላትም። አንድ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ከባድ ከባዶቹን ቃላት ሰሌዳው ላይ ትዘረግፋለች። ስዕል ቢጤም ትሞነጫጭራለች፤ ዝሆን ስትስል ድንች ይመስላል፣ ድንች ስትስልም ያው ድንች ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጮክ ብላ እያነበበች «እዚህ ጋ አልገባኝም፣ እስቲ ወደ ኋላ ልመለስ» እያለች በልቧ የምታስበውን ሁሉ ታሰማቸዋለች። ተማሪ መልስ ጠፍቶበት ሲንተባተብ ደግሞ ሙሉውን አትነግረውም፣ ጫፉን ብቻ ታስይዘዋለች።

እንዲህ ስታስተምር ፀጉሯ ሸበተ። ልጆቿን ዳር ሳላደርስ እያለች የራሷን ትምህርት ስታሳድር፣ ዩኒቨርሲቲው ድንገት ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው መምህር ከክፍል ወጥቶ ቢሮ ይመደባል አለ። ቢሮ ማለት ለሷ ከሰው ተለይቶ ከፋይል ጋር መኖር ነው። ስለዚህ በስተርጅና ደብተሯን ይዛ፣ ትናንት ካስተማረቻቸው ልጆች ጎን ተቀመጠች። ኮርሶቹን እንደምንም ተወጣቻቸው። የቀራት የመመረቂያ ጥናቱ ነበር፤ እሱ ከተበላሸ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ክፍል አትገባም።

የጥናቱ ርዕስ ከእንጀራዋ የወጣ ነው። መምህር በንባብ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ብዙ ይደግፋል፣ ኋላ ድጋፉን ቀስ እያለ ያነሳል። ምሁራን ለዚህ ረጅም ስም አውጥተውለታል። እሷ ልታውቅ የፈለገችው ተማሪዎቹ ራሳቸው ይህን እንዴት እንደሚያዩት ነበር። መነፅር ቤት የሚሠራው ባሏ ይህን ሲሰማ «ሰው እኔን እንዴት ያየኛል ለማለት ዲግሪ ምን አስፈለገሽ? እኔን ብትጠይቂኝ በነፃ እነግርሽ የለም?» ብሎ ሳቀባት። ቢስቅም ግን በየቀኑ ማታ ማታ ሳህኑን የሚያጥበው እሱ ሆነ። እሷም ይህን ውለታ አትረሳውም።

አሠራሩ ግልጽ ነው። እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ድረስ ድጋፉን ሳትሰስት ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ቃላቱ ከሰሌዳው ይቀራሉ፣ ቀጥሎ ስዕሉ፣ በመጨረሻ ጽሑፉን አድላ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አማካሪዋ አንድ ነገር አጥብቀው አስጠነቀቋት፤ ድጋፉ ለምን እንደሚነሳ ለተማሪዎቹ ትንፍሽ እንዳትል። ከነገረቻቸው፣ የሚሰማቸውን ትተው እሷ መስማት የምትፈልገውን ነው የሚነግሯት። ሆድ ይፍጀው ብላ ተስማማች።

መስማማቱ ቀላል ነበር፤ መከራው ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቆ ዓይኑን ወደሷ ሲያነሳ፣ እሷ ምላሷን በጥርሷ ይዛ በመስኮት ታያለች። በተለይ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ታሳዝናት ነበር። ድምፅዋ ከአፏ ስለማይርቅ ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» ይሏታል። ያቺ ልጅ በፍንጭ እየተደገፈች ገና አንድ አንድ ገጽ መጨረስ የጀመረች ናት። አሁን ወረቀቱን ታያለች፣ መምህርቷን ታያለች፣ ከዚያ ጣቶቿን ታያለች።

ተማሪ መምህሩን ፊት ለፊት አያማምና፣ ቃለ መጠይቁን ያደረገላት የሥራ ባልደረባዋ ነው። የተናገሩትን ገልብጦ፣ ስማቸውን ሰርዞ አመጣላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ባዳው ጆሮ ቤቱ ገባ። እሷ የጠበቀችው ጠቅሞናል ወይም አልጠቀመንም የሚል ነበር። ያነበበችው ሌላ ነው። አንዱ ምን በደልናቸው ይላል። ሌላው ሰው ነገር አስገብቶባቸው ነው ይላል። አንዷ ታመው ይሆናል፣ ፊታቸው ገርጥቷል ብላ ተጨንቃለች። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ነገሩን አረጋግጦ ጨርሶታል፤ ባለፈው ዝሆናቸው ላይ ስለሳቅን ነው ፊት የነሱን፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ይመዝገብልኝ ብሏል።

ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ልጆቹ ስለ ንባብ ተጠይቀው የመለሱት ስለ ፍቅር ነበር።

በማግስቱ ቢሮዋ ተንኳኳ። ከሁለት ጎረምሶች ጋር የገባው የክፍሉ ታላቅ ተማሪ ነበር፤ ብዙ ዘመን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ ለመማር የመጣ ሰው ነው። ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይለዋል። ኮት ለብሷል። ተቀመጥ ብትለውም እምቢ አለ።

«ቲቸር፣ ልጆቹ ልከውኝ ነው። ካጠፋን ይቅር ይበሉን። ያችን ዝሆን በተመለከተም ተነጋግረናል፣ ሁለተኛ አይለመደንም።»

እሷ አልተቀየምኩም ብትለው አላመናትም። ያልተቀየመ ሰው በመስኮት አያይም አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ዋና ጉዳይ ነገራት። ሹክሹክታ ትምህርቱን ልትተው ነው። ሻንጣዋን ሳይቀር አዘጋጅታለች። እሳቸውም ተስፋ ከቆረጡብኝ እዚህ ምን እሠራለሁ ብላለች።

መምህርቷ ቀሪውን ቀን እህል አልቀመሰችም። ጥናቱ ገና አላለቀም። ከተናገረች አማካሪዋ ያሉት ይደርሳል፤ ጥናቱም ይፈርሳል፣ ክፍሉም ይቀርባታል። ዝም ካለች ልጅቷ ትሄዳለች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እሷ ደግሞ ሁለት ነበራት፣ ሁለቱንም ልታጣ አትፈልግም። ሲነጋ ግን ልቧ ቆርጦ ነበር።

ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ጥናት እያካሄደች መሆኗን፣ ምክንያቱን እንዳትናገር መታዘዟን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ፊት አልነሳኋችሁም» አለች። «እጄን የሰበሰብኩት እንደምትችሉ ስላየሁ ነው። ለኔም ከብዶኝ ነበር።»

 ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ፣ ታዲያ ይህን ለመናገር ምን ቸገረዎት፣ እኛ እኮ ኮት ተውሰን ነው የመጣነው አላት። ሁሉም ሳቀ። ሹክሹክታ አልሳቀችም። ወረቀቷን ወደራሷ ስባ ማንበብ ጀመረች፤ ሻንጣውም ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ።

አማካሪዋ ይህን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ክፉ ሰው አይደሉም። ረቂቁን መስመር በመስመር ያረሙላት እሳቸው ናቸው። ግን ፈታኞቹ ይህችን ቦታ እንደማያልፏት ያውቃሉ። የሆነውን እንደሆነው ጻፊው፣ ፈታኞቹ ፊት ስትቆሚ ግን እኔ ልመልስልሽ አልችልም አሏት። እሷም አንድም ሳትደብቅ ጻፈችው።

ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ተማሪዎቿ ሳይጠሩ መጥተው የአዳራሹን የኋላ ወንበሮች ሞሉ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ገና ሲጀምሩ አስጠነቀቁ፤ ከተመልካች አንድ ሰው ጣልቃ ቢገባ ፈተናው ይቋረጣል። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ደህና አድርጋ ተወጣች። ከዚያ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነፅራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሥርዓቱን ያወጡት እርስዎ፣ ያፈረሱትም እርስዎ። ታዲያ ይህን ጥናት ብለን የምንቀበለው በምን ምክንያት ነው?»

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። መልሱንም ባሏ ፊት ደጋግማ ተለማምዳዋለች። አሁን ግን ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፋ።  ወረቀቷን ብታገላብጥ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀባት። ፈታኙ ይጠብቃሉ። አማካሪዋ አንገታቸውን ደፍተዋል። ያኔ ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ሾፌሩ ሊነሳ ነው። ሰብሳቢው ቀና አሉ። እሷ ዞር ብላ ቁጭ በል ለማለት እንኳ ድምፅ አልነበራትም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሹክሹክታ አዳራሹን ሞላው።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ። ቲቸር ይችሉታል።»

ወንበሩ ተመልሶ ተንቋቋ። መምህርቷ ወረቀቱን ከፊቷ ገፋችው።

«ልክ ነዎት፣ አፍርሼዋለሁ» አለች። «ስጀምር ድጋፍ ሲሰጣቸው ምን ይሰማቸዋል ብዬ ነበር። ድጋፉ ሲነሳ ቅያሜ ይመስላቸዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ምክንያቱን ከነገርኳቸው በኋላ ግን ያንኑ ዓይነት ጽሑፍ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ራሳቸው ታግለው አነበቡት። ዝም ብል ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር። ደግሞም አንዲት ተማሪ ልትሄድብኝ ነበር። እሷን አጥቼ የማገኘውን ዲግሪ ምን ላደርገው?»

ፈታኙ መነፅራቸውን መልሰው አደረጉና ጻፉ። ተመካክረው ሲመለሱ ሰብሳቢው አልፈዋል አሏት። አማካሪዋ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሲጠርግ፣ አቧራ ገብቶበት መሆኑን ሳይጠየቅ ያስረዳ ነበር።

እሷ ግን ሁሉንም አልፋ ወደ ኋላ ሄደች። ሹክሹክታ ከሾፌሩ ጀርባ ልትሸሸግ ስትል እጇን ያዘቻት።

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ደነገጠች። «እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም፣ ቲቸር።»

«ለዚሁ ነው የማመሰግንሽ» አለቻት መምህርቷ።