የኩምባ አንድ እፍኝ ሩዝ

ኩምባን የማያውቅ እዚህ ሾርላይን ከተማ ውስጥ የለም፤ ካለም እኔ ገና አልነገርኩትም ማለት ነው። ጋምቢያዊት ናት፣ ጎረቤቴ። ኦበርን መጋዘን ዕቃ ስታነሳ ውላ ትመጣና፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር የሰፈሩ ጋርደን ውስጥ ጥልቅ!

ሰዉ ቲማቲም ሲተክል እሷ ሩዝ። እናቷ ሳትሞት የላከችላት የሀገሯ ዘር ነው። ሁለት ዓመት ዘራች፣ ሁለቴም ብርድ በላው። ባቡሩ ኤርፖርት መድረስ በጀመረ በዓመቱ አንድ እፍኝ ብቻ ቀረቻት። «ይቺ ካልያዘች የእናቴ ዘር አለቀ» አለችኝና ዘራቻት።

ባሏ ደምባ ሩዟን ዞር ብሎም አያያትም። በነሱ ሀገር ሩዝ የሴት ነው፣ ኦቾሎኒ የወንድ። ሩዟ አጠገብ ቆሞ የራሱን ኦቾሎኒ ብቻ ያጠጣል፣ ጉደኛ! ሶ፣ ኩምባ ሺፍት ሲበዛባት፣ «እማማ፣ ውሃ ያጠጡልኝ» አለችኝ።

ያለችው ውሃ ብቻ ነው። የኔ እጅ ግን መች ያርፋል? ብሄድ መደቧን ሳር ወርሶታል። አዘንኩላትና አንድም ሳላስቀር ነቀልኩት። ከዛ ሩዙን ብፈልግ የለም። ለካ ሳሩ ነው ሩዙ! እኔ በጆንያ እንጂ በሥሩ መች አይቼው አውቃለሁ?

ስልኬን አነሳሁ። ኮል ያደረግኩት ለጓደኛዬ ለኑሪያ ብቻ ነው፤ ታኮማ ከተማ ድረስ እንዴት እንደተሰማ እንጃ።

የነቀልኩትን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ኩምባን ጠበቅኳት። «ልጄ፣ የእናትሽን ዘር ጨረስኩት» አልኳት።

ሥሩን አገላብጣ አየችና በሳቅ ፈረሰች።

«ማን ነገረዎት?»

«ምኑን?»

«ሩዝ እኮ ቡቃያው ሲደርስ ተነቅሎ ውሃ ውስጥ ይተከላል! ቅዳሜ ልነቅለው ነበር።»

እኔ የጉራጌ ልጅ፣ እንሰት ነቅዬ መልሼ ስተክል ያደግኩ! «አውቄ ነዋ!» አልኳት ወዲያው።

የልጆች የፕላስቲክ መዋኛ ውስጥ ጭቃ ሞልታ፣ ጎንበስ ብለን አንድ በአንድ ተከልነው። ደምባ ከኦቾሎኒው ቀና ብሎ፣ «ያቺን ጥግ ረሳችኋት» አለ።

«የሴት ሥራ ውስጥ ምን አገባህ?» አልኩት።

በጋውን ሙሉ ብርድ እንዳይበላው ማታ ላስቲክ ስታለብሰው ቀን ስትገልጠው ከርማ፣ ኦክቶበር ላይ ሦስት እፍኝ አገኘች። ሁለቱን ለዘር አስቀመጠች፣ አንዱን ቀቀለች። ማንኪያ ማንኪያ ደረሰን። ደምባ ሊደግም እጁን ሲሰድ መታ አደረገችው።

«ሂድ፣ ኦቾሎኒህን ብላ!»