መምህር ዓምሃ ያስደለደሉት ሜዳ

ከቀጨኔ በላይ፣ ታክሲ እምቢ በሚልበት ዳገት ላይ አንዲት ትንሽ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለች። የስፖርት መምህሩ አቶ ዓምሃ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ፊሽካቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የወንዶቹን መረብ ኳስና የሴቶቹን እግር ኳስ ያሠለጥናሉ።

ሜዳው ዘመም ያለ ነበር፤ በአጥሩ በኩል ከፍ፣ በወንዙ በኩል ዝቅ። መረብ ኳስ ሲሆን ከላይ የቆመው አጭር ልጅ ከታች ካለው ረጅም ጋር እኩል ይሆናል። እግር ኳስ ሲሆን ደግሞ ኳሷ የማንንም ምክር ሳትሰማ ወደ ወንዙ ትሄዳለች። መምህር ዓምሃ ከተቀጠሩ ጀምሮ «ይህን ሜዳ አስተካክሉልን» እያሉ የክፍለ ከተማውን ደጅ ጠንተዋል። አለቆች ተለዋወጡ፤ ሁሉም «ተገቢ ጥያቄ ነው» አሉ። ተገቢነቱ ላይ ማንም ተከራክሯቸው አያውቅም።

ዘንድሮ ጡረታቸው ደረሰ። ከመውጣታቸው በፊት የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ሴቶቹ ለፍጻሜ ጨዋታ ሲደርሱ ማየት። እነሆ ግማሽ ፍጻሜ ገቡ፤ ጨዋታውም በሜዳቸው ሆነ። በሜዳቸው ደግሞ ተሸንፈው አያውቁም።

በዚያው ሳምንት ዶዘር ዳገቱን እያጓራ ወጣ። ሜዳው ተደለደለ። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ብርሃኔ «እንኳን ደስ አለዎት! የለመኑትን አገኙ» ብለው ለስላሳ አስመጡ። መምህር ዓምሃ ለስላሳውን ይዘው ሜዳውን ዞሩት።

ጨዋታው ተጀመረ። አምበሏ ሄርሜላ እንደለመደችው በአጥሩ በኩል ካለው ከላይኛው የግብ ቋሚ ትንሽ ወጣ አድርጋ መታች። በድሮው ሜዳ ኳሷ ከዚያ ተንከባልላ ራሷ ግብ ትገባ ነበር። አሁን ግን የተላከችበት ሄዳ አጥሩን መታች። ሄርሜላ ደገመች፤ አጥሩንም ደገመችው። ግብ ጠባቂዋ ሶሊያና በወንዙ በኩል ተጠግታ ስትጠብቅ፣ ኳሷ በሌላው ጥግ ቀጥ ብላ ገባች።

«ሶሊ፣ ምን ሆነሽ ነው? እያየሻት ገባች እኮ!» ብላ ሄርሜላ ጮኸች።

«ትታጠፋለች ብዬ ነዋ!»

«እስክትታጠፍ ሻይ ይምጣልሽ?» አለ ከተመልካቹ አንዱ።

ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። የእንግዳው ቡድን አሠልጣኝ መጥቶ የመምህር ዓምሃን እጅ ጨበጠ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እዚህ እየመጣን ስንሸነፍ ነው የኖርነው፤ አሁን ገና ሜዳው ሜዳ ሆነ» አላቸው። ከልቡ ነበር። እሳቸውም ሰው ሲመርቃቸው ዝም ማለት አይሆንላቸውምና «አሜን፣ አሜን» አሉ።

ሄርሜላ ላቧን እየጠረገች መጣች። «ቲቸር፣ ያንን ዶዘር መልሰው አያስመጡልንም?»

«ሂጂ ወዲያ!» አሉ፤ ሳቅና ንዴት አንድ ላይ መጣባቸው።

ሰኞ ጠዋት ኮፍያቸውን አውልቀው ወይዘሮ ብርሃኔ ቢሮ ገቡ።

«አንድ ዓመት ልጨምር» አሉ።

«ምነው፣ አረፍ ይበሉ እንጂ! ሜዳውንም አስተካክለውልን ነው የሚሄዱት።»

«እሱ ነው ችግሩ። ልጆቼ ደልዳላ ላይ መጫወት አያውቁም። እኔም አስተምሬ አላውቅም።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ወንበር አቀረቡላቸው። «በነጻ ከሆነ ማን ይከለክልዎታል?»

በማግስቱ ልጆቹን ሰብስበው፣ ኳስ ቀጥ አድርጎ ስለመምታት ረጅም ማብራሪያ ሰጡ። ከዚያም ሊያሳዩአቸው አንዷን ኳስ አስቀምጠው መቱ። ከላይኛው ቋሚ ውጭ አለፈች።

«አይዞዎት ቲቸር» አለች ሶሊያና፤ «እኛንም እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረን።»