ሦስተኛው መዝሙር

ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ትምህርት አንድ ጥያቄ ላይ ያጠነጥናል፤ በብርጭቆ የተሳካ ውህድ በትልቅ ዕቃ ሲሠራ ለምን ይበላሻል? ዕቃው ሲተልቅ ማማሰያው ሁሉንም ቦታ ስለማያዳርስ ነው። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የእህቴን እጅ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።

ታላቅ እህቴ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሹሩባ እየሠራች ነው ያስተማረችኝ። ሥራ ስይዝ ውለታዋን የምመልስ መስሎኝ ፈሳሽ ሳሙና አሠራር አሳየኋት። መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳውን በባልዲ ውሃ ማሟሟት ነው፤ ከዚያ ከሶዳው ጋር ተዋህዶ ሳሙና የሚሆነው አሲድ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እሷ ሰዓት አታይም። የቸርች ዘማሪ ናትና ሦስት መዝሙር እስክትጨርስ ሶዳውን ታማስላለች። መጨረሻ ላይ ሳሙናውን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ፣ ካሙለጨለጫት "ሆኗል" ትላለች። ሁልጊዜም ይሆን ነበር።

ፒያሳ ያለ አንድ ሆቴል ብዙ ሲያዘን በርሜል ገዛን።

"ሁሉንም በአሥር አባዢው" አልኳት።

"መዝሙሩንስ?"

"ሦስቱ ይበቃል።"

ቸኩዬ ነበር። እሷ በዚያው በባልዲው ማማሰያ ስታማስል እኔ ደጅ ስልክ አወራለሁ። ስመለስ አሲዱን ጨመርኩ፣ ከላይ በኩባያ ቀድቼ በአሲድ መለኪያ ወረቀት አየሁት፣ ደህና ነው ብዬ ሄድኩ። ያልሟሟ ሶዳ ከታች ጋግሮ ይሆን ብዬ አንዴ እንኳ አልቆፈርኩም። ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ያለ ርኅራኄ እጥለው ነበር።

የላይኛው ለሆቴሉ ሄደ። በሦስተኛው ቀን የቀረውን ልትቀዳ እጇን ወደ በርሜሉ ግርጌ ሰደደች። ኮስቲክ ሶዳም እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፤ የሚያሙለጨልጨው ግን ቆዳን እያሟሟ ነው። እሷ ጥሩ ሳሙና መስሏት ደጋግማ አሸችው። "ዛሬስ እንዴት ወፍሯል!" ብላ እንደነበር ጎረቤቷ ነገረችኝ። ማቃጠሉ ሲሰማት ረፍዶ ነበር።

ዛሬ ጣቶቿ አይታጠፉም። ፀጉር መያዝ አትችልም፤ ሻይ እንኳ በሁለት መዳፏ አቅፋ ነው የምትጠጣው። ሳያት ያመኛል፤ ላለማየትም ሰበብ እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቸርች ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች።

"የደበቅኩህ ነገር አለ፣ ወንድሜ። ያን ቀን ክንዴ ሲዝል ሦስተኛውን መዝሙር ሳልጨርስ አቆምኩት። በራሴ ስንፍና ነው። ይቅር በለኝ።"

ሠላሳ ብትዘምርም ያ ማማሰያ የበርሜሉን ግርጌ አያነቃንቀውም ነበር። ይህን ሐዋሳ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንባዋ ይወርዳል፣ መጥረግ አቅቷታል።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት።